የገንዘቡ ምንጭ

ስም የለውም በሩ፤ ሁለት ፊደል ብቻ በነሐስ ላይ አለ፣
ጥርሱ እንዳለቀ ብሎን፣ በውልወላ ብዛት መሽሾ የቀለለ።
ደወልኩ።
ዝናብ ነው በጄኔቭ፤ ሐይቁም ሰማዩም አንድ ቀለም፣
ከሎክል፣ ከተራራው፣ በጧት ባቡር ወረድኩ፤ ቁርስ አልቀመስኩም።
ቦርሳዬ ውስጥ የሽያጭ ውል፣ የልደት ወረቀት፣ መነጽር፣
ደግሞም ያባቴ ጠርሙስ፣ ከአውራ ጣት የምታጥር።

በር ከፋቹ ካፖርቴን እንደ ጨቅላ ታቅፎ ወሰደ፣
ደረጃው ምንጣፍ ለብሷል፤ እግሬ ድምፁን ካደ።
ግድግዳው ላይ ስድስት ሻፓሌ ተሰቅለዋል በየተራቸው፣
ጢማቸው ይለያያል እንጂ፣ አንድ ነው አፍንጫቸው፤
ሰባተኛው ወንበር ስቦ «ይቀመጡ» አለኝ ተነሥቶ፣
ያንኑ አፍንጫ ይዞ፣ ጢሙን ብቻ ተላጭቶ።

«ባንካችን ቤተሰብ ነው» አለ። «ሰው እንጂ ቁጥር አናይም።»
ይህን ሲል ቁጥሬን አየ፤ ቅንድቡ ግን አልተንቀሳቀሰም።
ከዚያ ቅጽ። ስም? ኦርታንስ ማቴ። ባል? አላገባሁም።
ወራሽ? የእህቴ ልጅ ነበረ። አሁን አንነጋገርም።
ፊርማ እዚህ። እዚህም። እዚህ ደግሞ፣ በአጭሩ።
አርባ አንድ ዓመት ከጨበጥኩት መፍቻ ይከብዳል ብዕሩ።

«አንድ ጥያቄ ይቀረናል» አለ፤ «ሕጉ ነው፣ አይቀየሙኝ፤
የገንዘቡ ምንጭ ከወዴት ነው? በዝርዝር ቢያስረዱኝ።»

ምንጭ? እኔ ዘንድ የፈለቀ የለም፤ የተንጠባጠበ ነው፣
ጠብታን ከጠብታ ጋር፣ መስኮት ሥር ያጋጠምነው።
ጠርሙሷን አወጣሁና በቆዳው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩ፣
«ይኸው» አልኩ። አቧራ መሰለው። ማጉያ መስታወቴን አቀበልኩ።
ጎንበስ አለ። ከጨው ቅንጣት ያነሰ ብሎን አየ፣
ጥርስ ያለው፣ ራስ ያለው፣ ራሱም በፀጉር ስንጥቅ የተለየ።

«የእጅ ሰዓትዎ ውስጥ አሉ» አልኩት፤ «ስንት እንደሆኑ አያውቁም፤
አንዷ ብትላላ ግን፣ ቀጠሮዎ ሁሉ አይጠበቅም።
አባቴ በስልሳ ስድስቱ ዐይኑ ጠፋ፤ በጣቱ እየዳሰሰ ቆጠረ፣
ስንገንዘው ጥፍሩ ሥር ሦስት ብሎን ተገኝቶ ነበረ።
የሸጥኩት አምና ነው። ገዢው ማሽኑን አልፈለገም፤ ስሙን ነበር፣
ስሙን ወስዶ መስኮቱን ዘጋ። ይኸው የገንዘቡ ነገር።»

ጻፈ። በጥሩ ፊደል ጻፈ። «በቂ ነው» አለ፣ «ግልጽ ነው።»
እኔ ግን መነጽሬን አላወለቅሁም፤ ዐይኔ ከግድግዳው ላይ ነው።
«እርስዎስ?» አልኩት ቀስ ብዬ። «ያ፣ ሰማያዊ ኮት የለበሰው፣
የመጀመሪያው፣ ቅጽ ሞልቶ ነበር? ምንጩን ማን ጠየቀው?»

ዝም ሲል የእጅ ሰዓቱ ተሰማ፤ ብሎኖቼ ሲሠሩ ተሰሙ፣
ቀና ሳይል ጆሮው ቀላ፤ ወደ ላይ ወጣ ደሙ።
«ስኳር» አለ።
ቆይቶ፣ ለራሱ ያህል፣ «ናንት ላይ ሁለት መርከብ ነበራቸው።
ስትመለስ ስኳር ነው። ስትሄድ የጫነችው ግን...» ሳይጨርስ ጨረሰው።
«መዝገቡን አባቴ አሳይቶኛል አንድ ቀን፣ በሃያ ዓመቴ፤
ስም የለበትም፤ ቁጥር ብቻ። ዳግም አልገለጥኩትም፣ በእውነቴ።»

ያዘነ መሰለኝ። ያፈረም መሰለኝ። ምናልባት ደክሞት ይሆናል፣
እኔ የማውቀው ብረት ነው፤ ሰው መቼ በማጉያ ይታያል?
የመጨረሻዋን ፊርማ ተውኳት። ቅጹን ወደሱ ገፋሁት።
«ሒሳብ ልከፍት መጣሁ» አልኩት፤ «እንግዲያው ሁለቱም ይከፈት።
ማክሰኞ እመለሳለሁ። መዝገቡን ከምድር ቤት ያውጡት።»

ብሎኖቹን በምራቅ ባራስኩት ጣት አንድ በአንድ ለቀምኩ፤ አገዘኝ፣
መቶ ነበሩ፤ ደግሜ ብቆጥር፣ ዘጠና ዘጠኝ።
የጎደለችው ከጥፍሩ ሥር ታበራለች፤ አይቼ አልነገርኩትም፣
ካፖርቴን አመጡልኝ። ዝናቡ ገና አላቆመም።